ቋጠሮውን አንተ ፍታ

ውድ ጃትሚኮ፣

መልእክትህ ደርሶኛል። ሁለት ዓመት ዝም ብለህ ከርመህ፣ «አይጥ ሁለት አዝመራ በላብን፤ ሦስተኛውን ከጨረሰው ማሳውን መሸጣችን ነው። እባብ ታረባለች ሲሉ ሰማሁ» ብለህ ጻፍክልኝ። እውነት ነው፣ አረባለሁ።

የሠርጋችንን ቀን ልንቆርጥ እናንተ ቤት የተሰበሰብን ዕለት፣ አይጥ የሚያሳድድ እባብ በወጥ ቤቱ በር ገባ። አጎትህ ሳህናቸውን እንደያዙ አግዳሚው ላይ ወጡ።

«ኧረ ግደሉት! ወንድ የለም እንዴ?»

«አንተ ቅደማ!»

«እኔማ ጉልበቴን ያመኛል!»

ይዤ አነሳሁት። አንገቱን ነፍቶ እጄን ነከሰኝ፤ ትንሽ ደማሁ። መርዝ እንደሌለው ለገበሬ ልጅ ማስረዳት አልነበረብኝም። ማሳው ላይ ለቅቄው ስመለስ እናትህ፣ «በዚህ እጅሽ ነው ለልጄ ሩዝ የምታቀርቢው? እባብ የለመደ እጅ!» አሉ። ሰው ሳቀ። አንተን አየሁህ። ነጠላ ጫማህን ታይ ነበር። በሳምንቱ ሠርጉ ቀረ፤ ተማሪዎቼም «የእባቧ መምህርት» ይሉኝ ጀመር።

ከዚያ የቆዳ ነጋዴው መጣ። መንደሩ በአንድ በጋ የማሳውን እባብ ጠርጎ ሸጠ። አንተም ሸጥክ። በረጅም ዱላ ጫፍ ሲሆን አልፈራህም።

እኔ የማሳው ድንበር ሲቆፈር የወጡትን የእባብ እንቁላሎች ለቀምኩ። አሥራ ሁለት ነበሩ፤ ቅርፊታቸው እንደ ቆዳ ለስላሳ። በሩዝ ገለባ ቀብሬ ከሁለት ወር በላይ ጠበቅኩ፤ ዘጠኙ ተፈለፈሉ። መጀመሪያ እንቁራሪት፣ ኋላ አይጥ አበላኋቸው። አይጥ ሲይዙ አይጠመጠሙበትም፤ መሬት ላይ ተጭነው ከነነፍሱ ይውጡታል። ጠዋት ፀሐይ ሳይሞቁ አደን አይወጡም፤ ሲመሽ ቁጥቋጦ ላይ ይተኛሉ። ትልቋ ቆዳዋን ልትጥል ስትል ዓይኗ ይደፈርሳል፤ ያኔ ጥላም ያስቆጣታል። እንዲያ ስትሆን አልነካትም። እኔም እንደዚያ ያሉ ወራት ነበሩኝ።

እውነቱን ልንገርህ? አይጡ ሩዛችሁን ሲጨርስ ቆሜ ለማየት ተመኝቼ ነበር። ግን ከእናንተ ማሳ ቀጥሎ ያለው የሽማግሌው የካርሶ ነው። ያን ቀን ውኃ አምጥተው እጄን ያጠቡልኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐዩ ሞቅ ሲል፣ ዘጠኙን እባቦች በየከረጢታቸው ቋጥሬ የማሳችሁ ድንበር ላይ አስቀምጬ ከመስኖው ማዶ እቆማለሁ። ስምንቱን ቋጠሮ አንተ ትፈታለህ፤ አንዱን እናትህ። ይነክሷችሁ ይሆናል። ቁስሉን በውኃና በሳሙና እጠቡት፤ እስከ ምሳ ይደርቃል። ነጋዴው ሲመለስም ሰው ሁሉ እየሰማ «አንሸጥም» የምትለው አንተ ነህ። ያን ቀን ከአንተ የፈለግኩት አንድ ቃል ነበር፤ አሁን ለእባቦቹ ስትል ተናገረው። ለእኔ ጊዜው አልፏል። የምመልሰው እባቦቹን እንጂ ራሴን አይደለም።

አልችልም ካልክ ዝም ብለህ ነጠላ ጫማህን እይ። ይገባኛል። ከረጢቶቼን አንስቼ ወደ ሽማግሌው ማሳ አልፋለሁ።

እጇ እባብ የለመደው፣
ዌኒንግ