ሙሽራ አስለቃሹ አባቴ

ኖቬምበር 4
አባባ ዛሬም ሙሽራ አስለቅሶ መጣ። ሥራው ነው፤ ፊቷ ከመሸፈኑ በፊት በእኛ በአይሁዶች ቋንቋ፣ በዪዲሽ፣ ዘፍኖ ካላስለቀሳት ሠርጉ ሠርግ አይባልም። ኮቱን እያወለቀ፣ «ይቺኛዋስ ድንጋይ ናት፣ ዝላቴ! ሟች አያቷን ባላነሳባት ኖሮ እስካሁን እንዳፈጠጠችብኝ ነበር» አለኝ። ሳቅን።

ግጥሙን የሠራሁት እኔ ነኝ። መዝፈን ግን… በሕጋችን «የሴት ድምፅ ወንድ ፊት አይሰማም።» አለቀ። ያናድደኛል!

የሚቀጥለው ማክሰኞ ደግሞ የሄንየ ሠርግ ነው። ወላጅ የላትም፣ አጎቷ በሪሽ ነው ያሳደጋት።

ኖቬምበር 8
ቅዳሜ ሰንበታችን ስለወጣ አሁን እጽፋለሁ። አይሁድ የሚያሳድዱት ፈረሰኛ ወታደሮች መንደራችን ገቡ።

በሰንበት እሳት ስለማንነካ አይሁድ ያልሆነው ጎረቤታችን ፓናስ ምድጃ ሊያነድልን መጥቶ ነበር። በሩን ገነጠሉት። በሪሽን ደጃችን ላይ በሳንጃ ወጉት… እየጮኸ ሞተ። አባባን ጠረጴዛ ላይ አቆሙት። «ዝፈን፣ አንተ አይሁድ!»

ዘፈነ። ፈገግ ብሎ፣ በሠርግ ዜማ፣ በዪዲሽ። «የዘረፋችሁት ዶሮ ሆዳችሁ ውስጥ ይጩኽ፣ ፈረሶቻችሁ ይርገጧችሁ፣ እናንት ነፍሰ ገዳዮች…» አጨበጨቡለት! ፓናስን ረስቶታል። ፓናስ እኛ ቤት ሲገባ ሲወጣ ዪዲሽ ለምዷል።

«እየሰደባችሁ እኮ ነው» አላቸው።

ለምን? ምን በደልነው?

አፉን በሰደፍ መቱት። ደገሙት። መንጋጋው ሲሰበር ሰማሁ። ጥርሶቹን ከወለሉ ላይ ለቀምኩ።

ኖቬምበር 10
ሐኪሙ፣ «ይድናል። ዘፈኑን ግን እርሱት» አለ።

ፓናስን ባገኘው በመጥረቢያ እፈልጠዋለሁ። እውነቴን ነው።

ኖቬምበር 11
ሠርጉ አልቀረም፤ እኛ ዘንድ ሠርግ በሞት አይቀርም። ሄንየ የሙሽራ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ ደረቅ… ያስፈራል። አባባ ተነስቶ አፉን ሊከፍት ሞከረ። አገጩ የታሰረበት ፎጣ በደም ራሰ። ሰው ሁሉ አቀረቀረ። ያኔ እጄን ጎትቶ ሙሽራዋ ፊት አቆመኝ። እኔን!

የምኩራቡ አገልጋይ ኦይዘር አባባ ላይ ጮኸ። «ፋይቭል፣ አበድክ እንዴ? ልጅቷን አስወጣ፣ አለዚያ ወንዶቹ እንወጣለን!»

አባባ ጠርሙስ አንስቶ ግድግዳው ላይ ከሰከሰው። ስባሪውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ። ማንም አልወጣም።

ዘፈንኩ። ስለ በሪሽ። ስለ ሳንጃው። ሄንየ ደረቷን እየደቃች አለቀሰች። ኦይዘርም አለቀሰ።

ስንወጣ ዱቄት ነጋዴው አባባን ለልጁ ሠርግ እንዲዘፍን ሊቀጥረው መጣ። አባባ በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ።