የመሪጌታው ጀርባ

ይድረስ ለውድ አባቴ ለመሪጌታ ምትኩ፤

አባባ፣ እንዴት ከረሙ? እንዴት ሰነበቱ? እማዬስ፣ እህቴ ናፍቆትስ፣ ጎረቤቱስ፣ ከብቱስ እንዴት ነው? እኔ እናንተን ከመናፈቅ በቀር ደህና ነኝ፤ እመቤታችን ትመስገን። ጀርባዎ እንዴት ነው ብዬ ግን አልጠይቅም። በስልክ ሕመምዎን ባነሳሁ ቁጥር "ደህና ነኝ፣ እናትሽን አናግሪ" ብለው ስልኩን ለእማዬ ያቀብሏታል። የተጻፈ ነገር ግን ሳይጨርሱ ስለማይተዉ ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ።

የጀርባዎ ፊልም በአጎቴ ልጅ በማሞ እጅ ደርሶኛል። ደሴ ሄደው ፊልሙን ከተነሱ ጀምሮ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ናፍቆትን ከፖስታው እያስወጡ "ዲስኬ ተንሸራቷል" ሲሉ መክረምዎን ነግሮኝ ስቄያለሁ። "ኦፕራሲዮን የሚያደርግ ሐኪም ፈልጊልኝ፣ ካልሆነም ቁርጡን ንገሪኝ" ያሉት ግን አላሳቀኝም። መቋሚያዎን ለተማሪዎ ለከበበው ሰጥተው፣ ዘንድሮ የጽጌ ማኅሌት ሲቆም እርስዎ ቤት ተኝተው በድምፅ ማጉያ አዳመጡ አሉ። ይህን ስሰማ አለቀስኩ። እኔ የማውቀው አባቴ ቆሞ የሚያድር ሰው ነው።

የጀርባን ሕመም ያለ ቀዶ ጥገና ማከም ልማር ነው ስልዎት "ቢላ የማይዝ ሐኪም ደግሞ ምን ሐኪም ነው?" ማለትዎ ትዝ ይለኛል። አሁን ስልጠናው ስለተጋመሰ ትንሽ ትንሽ መልስ አለኝ።

ላፍቶ ውስጥ ኦቦ ጉተማ የሚባሉ ነባር ገበሬ አሉ። እርሻቸው ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሞበት ግቢያቸውና ጥቂት ላሞች ብቻ ቀርተዋቸዋል። እንደ እርስዎ ፊልማቸውን ታቅፈው፣ ወገባቸውን በቀበቶ ጠፍረው፣ ጎንበስ ማለት ፈርተው ወደምሰለጥንበት ሐኪም ቤት መጡ። እኔ ፊልሙን ብርሃን ላይ ዘርግቼ መርፌ መውጋት ያስፈልጋል ስል አስተማሪያችን ዶክተር ፀሐይወርቅ ተቀብለውኝ ገልብጠው ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። "መጀመሪያ ሰውየውን እዪ" አሉኝ። አፈርኩ። ከዚያ ኦቦ ጉተማን በጣታቸውም በተረከዛቸውም አራመዷቸው፣ እግራቸውን አንድ በአንድ አነሱ፣ ጉልበታቸውን ፈተሹ። በመጨረሻም ሕመሙ ምን እንዳስተዋቸው ጠየቋቸው። ኦቦ ጉተማ ላሞቻቸውን ማለብ እንደተዉ ተናገሩ።

መርፌውም ሳያስፈልጋቸው ቀረ። ቀበቶውን ቀስ በቀስ አስፈታናቸው፣ እንቅስቃሴ አስተማርናቸው፣ በየቀኑ እየጨመሩ እንዲራመዱ አደረግን። መጀመሪያ ሰሞን አኩርፈውን ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን በሃይላንድ ጠርሙስ ወተት ይዘው መጡና "ያመኛል፤ ግን አልባለሁ" አሉን። ዶክተር ፀሐይወርቅ ወተቱን ለእኔ ሰጡኝ። ቤት ወስጄ አፈላሁትና እርስዎን እያሰብኩ ጠጣሁት።

የእርስዎንም ፊልም ለዶክተር ፀሐይወርቅ አሳይቻቸዋለሁ። በእማዬ በኩል እግርዎ ይደነዝዝ እንደሆነ፣ ሽንት ያስቸግርዎ እንደሆነ ያስጠየቅኩት ለዚሁ ነበር። "ይህቺ ልጅ ምን ነካት?" ብለው መቆጣትዎን ሰምቻለሁ፤ ግድ የለም፣ መልሱ "የለም" መሆኑ ደስ አሰኝቶኛል። እንዲህ ያለ ፊልም በእርስዎ ዕድሜ ምንም በማያማቸው ሰዎችም ላይ ይታያል፤ እስካሁን በሰማነው ኦፕራሲዮን የሚያስኬድ ነገር የለም ብለውኛል። ሳይመረምሩዎት ግን የመጨረሻውን ቃል አይሰጡም። ስለዚህ ኅዳር ላይ ከማሞ ጋር ይምጡ። የተከራየሁት ቤት ሀና ማርያም ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሩቅ አይደለም።

እስከዚያው ቀኑን ሙሉ አይተኙ። ጠዋት ጠዋት እስከ ቤተ ክርስቲያን ይራመዱ፤ ሲያምዎ አረፍ ይበሉ፣ ከዚያ ይቀጥሉ። እግርዎ ድንገት ከከዳዎ ወይም ሽንት እምቢ ካለዎ ግን እኔን ሳይጠብቁ በዚያኑ ዕለት ሐኪም ቤት ይሂዱ። ጎረምሳ አደርግዎታለሁ አልልም። ለአስተርዮ ማርያም ግን ማኅሌቱን ከፊሉን ቆመው፣ ከፊሉን ተቀምጠው እንደሚያደርሱ ተስፋ አለኝ። ተስፋ ብቻም አይደለም፤ ፈቃድ ጠይቄ መጥቼ ላይዎት አስቤያለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ፤ የጠየቅኳትን ሁሉ ሳታፍር ስለጠየቀችልኝ እግዜር ይስጣት። ናፍቆትን "ፊልሙን ለእንግዳ ማሳየት ቀርቷል" ይበሉልኝ፤ እኔ ጋ ይቆያል። ከበበውንም ሰላም ይበሉልኝ። ማሞ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ያስረክብዎታል። ከሀና ማርያም ደጅ የገዛሁት አዲስ መቋሚያ ነው። ለከበበው ይስጡልኝና የእርስዎን ይቀበሉት።

ልጅዎ ቤተልሄም

ሀና ማርያም፣ ነፋስ ስልክ ላፍቶ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.