የሠራሽው ቀለም በራ

ሂሩቴ፣

ከተለየሽን ወዲህ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ጉሙ ጠዋት ጠዋት ከእንጦጦ እየወረደ ቁስቋምን ይሸፍናል፤ ግቢያችን በሕልም የሚታይ ይመስላል። ልጃችን ሊዲያ ቁመቷ ሊደርስብኝ ነው። እሁድ ሰማያዊ ሹራብሽን ለብሳ ቸርች ስትሄድ ከኋላ ሳያት አንቺው ነሽ። መዘምራኑ በቦታሽ ሌላ ሴት አቁመዋል። ድምጿ ደህና ነው፤ ያንቺን ግን አያክልም።

ዛሬ የምጽፍልሽ ያን ሁሉ ዓመት ላብራቶሪ ስለዋልሽበት ቀለም ነው። አንድ ቀን ከሸጎሌ በታክሲ ስንመለስ ምን እንደሚሠራ ጠየቅኩሽ። "ተኝቶ ይቆያል፤ የታመመ ሥጋ ውስጥ የሚበዛው ኢንዛይም ሲቆርጠው ብቻ ነቅቶ ያበራል። ያኔ ሐኪሙ የበሽታውን ጠርዝ ያያል" አልሽኝ።

ከዚያ በሽታው ያንቺው ጡት ላይ ወጣ። በኦፕራሲዮን የሚወጣው ሥጋ ለጥናቱ ይቀመጥ ስትዪ ጨነቀኝ። "የራሴን ካልሰጠሁ የሰው እንዴት እጠይቃለሁ?" አልሽ። ዓይን ያላየው ትንሽ ነገር ውስጥሽ ቀርቶ ኖሮ ተመልሶ መጣ፤ ወሰደሽም።

ባለፈው ሳምንት ሥራሽን የቀጠለችው ባልደረባሽ ቤዛ ደወለች። "ጋሼ፣ የሂሩት ቀለም ሠርቷል፤ ይምጡ" አለችኝ። ስደርስ ግን አመነታች። "የምናየው የራሷን ሥጋ ነው። ካልፈለጉ ይቅር።"

አየዋለሁ አልኳት። መብራቱን አጠፋችው፤ እኔም ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበስኩ። መጀመሪያ ጨለማ ብቻ ነበር። ከዚያ ቀስ እያለ፣ ጎህ ሲቀድ ኮረብታው እንደሚለይ፣ አረንጓዴ ብርሃን ወጣ። አንዱ ወገን ደመቀ፤ ጤነኛው እንደጨለመ ቀረ። መሃላቸው ጠርዙ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የገደለሽን ነገር እያየሁ ነበር፤ ያምር ነበር፤ ልጠላው ፈልጌ አቃተኝ። ብርሃኑ የበሽታው ሳይሆን ያንቺ ነዋ።

ለሊዲያ ስነግራት "እማዬ ብታየው ምን ትል ነበር?" አለችኝ።

"'አንዴ ማየት አይበቃም፣ እንደገና ድገሙት' ነው የምትላቸው" አልኳት። ሳቅን። ከሄድሽ ወዲህ አብረን እንዲያ ስቀን አናውቅም።

ቀለሙ ሆስፒታል እስኪገባ ገና ብዙ ይቀረዋል ብላኛለች ቤዛ። እጠብቃለሁ። አንድ ቀን አንዲት ሴት ጠርዙ ታይቶላት፣ ድና ወደ ቤቷ ትገባለች። በር ላይ የሚቀበላት ባሏ ስምሽን አያውቀውም። እኔ ግን ስለ እሱም፣ ስለ እኔም እጠራዋለሁ፦ ሂሩት።

ያንቺው ዳዊት