እማዬ ሾርባሽን ያመሰገነች ቀን

ውድ ሞርቨን፣

ጤንነትሽን አልጠይቅሽም፤ ሐሙስ ዕለት በዓይኔ አይቼሻለሁ፣ ተመችቶሻል። እኛ ፖርትሶይ በሰላም ገብተናል። ነፋሱ እንደ ልማዱ ነው፣ እማዬም ደህና ናት። ስለ ምሳው ላመሰግንሽ ይገባኝ ነበር፤ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ለመጻፍ የተቀመጥኩት ለዚያ አይደለም።

በበረዶው ወራት እማዬ ደረጃ ላይ ከወደቀች ወዲህ፣ አንቺ ኤድንብራ ከእኔ ጋር ትኑር እያልሽ ስትነዘንዢኝ፣ እኔም እምቢ ስል፣ በመጨረሻ የተስማማነው ራሷ ትወስን ብለን ነው። መጥታ ምግብ ቤትሽን ትይ፣ ከላይ ያዘጋጀሽላትን ክፍል ትይ፣ ከዚያ ትናገር። እሺ ያልኩት ምግብሽን አትወደውም ብዬ ተማምኜ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መንገዱን ሁሉ ዓሣው እንዲያርርብሽ ስመኝ ነው የመጣሁት።

ገና ከበሩ ስንገባ ልቤ ደስ አለው። ቱሪስቱ ሁሉ በመብላት ፋንታ ሳህኑን ፎቶ ያነሳል። ሃጊስን የሚያህል ነገር፣ እኛ የበጉን ልብና ጉበት ከአጃ ጋር በጨጓራው ሞልተን በትልቅ ድስት የምንቀቅለውን፣ አንቺ እንደ ልጆች ብይ አድቦልብለሽ ጠብሰሽዋል። እማዬ በሹካዋ አገላብጣ አየችውና አስተናጋጁን፣ የቀረው በግ የት ሄደ ብላ ጠየቀችው። እኔ በሆዴ፣ በርቺ እማዬ፣ አልኩ።

ከዚያ ሾርባው መጣ። የተጨሰ ዓሣ፣ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ወተት፤ ሌላ ምን አለው? እኔም ዘወትር የምሠራላት ነው። አንቺ ግን ክሬም ጨምረሽ፣ ከላዩ አረንጓዴ ዘይት ጠብ ጠብ አድርገሽበታል። እማዬ ቀመሰች። ደገመች። ከዚያ ቀና ሳትል ጨረሰችው፣ የተረፈውን በዳቦ ሳይቀር ጠረገችው። ከእኔ ሾርባ ግማሹን ትታ የምትነሳ ሴትዮ ናት እንግዲህ። አንቺም ሽርጥሽን እንደታጠቅሽ ከጓዳ መጥተሽ እንዴት ነው ብለሽ ጠየቅሻት።

"እጅግ ግሩም ነው፣ ሞርቨን። እንዲህ ያለ ሾርባ በልቼ አላውቅም። በጣም አመሰግናለሁ።"

ዓይንሽ እንባ አቀረረ፤ አቅፈሽ ሳምሻት። ይህን ሁሉ ዘመን ሳበስልላት ከአፏ የወጣው ትልቁ ቃል "አይከፋም" ነው። የገና ዕለትም ይሁን፣ የልደቷም ቀን ይሁን፣ አይከፋም። አንቺ ግን ስንት ዓመት ለንደን ኖረሽ መጥተሽ በአንድ ሳህን ግሩም ተባልሽ። ቀናሁ፣ ሞርቨን። ሌላ ስም አልሰጠውም። አንጀቴ አርሮ፣ ክፍሏን ስታሳዪን አልጋውንም፣ መስኮቱንም፣ የግድግዳውንም ቀለም ጠላሁት።

ስንመለስ ባቡሩ አበርዲንን እስኪያልፍ አላናገርኳትም። እሷው ጀመረች።

"አሁን አንቺ ምን ሆነሽ ነው የምታኮርፊው?"

"ለእሷ ግሩም፣ ለእኔ አይከፋም።"

ትክ ብላ አየችኝ። "የት ነው ያደግሽው አንቺ? የቄሱ ሚስት ኬክ ስታቀርብልኝ ምንድን ነው የምለው?"

"ግሩም ነው ትያለሽ።"

"ያንን ኬክ ውሻ አይበላውም። ደግሞ በእንግድነት የሄደ ሰው ሳህን ላይ አያስተርፍም።"

እውነቷን ነው። እኛ ዘንድ የሚመሰገነው ባዳ ነው። የራስን ሰው አይከፋም ካሉት በኋላ ሌላ ምስጋና የለም፤ ከዚያ ያለፈው ልጅ ያበላሻል ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። አንቺን ለንደን አስረሳችሽ፣ እኔን ቅናት አስረሳኝ። ታዲያ እንዴት ደስ እንዳለኝ ብነግርሽ ትታዘቢኛለሽ። ሞርቨንን አሸነፍኳት፣ ከእንግዲህ እማዬ የትም አትሄድም እያልኩ ነው ቤት የገባሁት።

በማግስቱ ጠዋት የአጃ ገንፎዋን አቀረብኩላት። ቀምሳ "አይከፋም" አለች። ቀጥላም ሻንጣዋን ከቁም ሳጥኑ ላይ እንዳወርድላት ጠየቀችኝ፤ ሞርቨን ጋ ልሄድ ነው አለች። ሾርባዋን አልወደድሽውም አልነበር እንዴ አልኳት።

"ሾርባውስ ደህና ነው። የከበደኝ የገዛ አፌ ነው" አለች። "የወለድኳትን ልጅ እንደ ባዳ አመሰገንኳት፣ ኢሽቤል። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። እሷም እንደ ባዳ ደስ አላት። እንዲህ እንደሆንን ልሙት? አንቺን አውቅሻለሁ። እሷን ግን ገና ልለምዳት ነው።"

ሻንጣውን አወረድኩላት።

በሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትደርሳለች፤ ጣቢያ ድረስ ሄደሽ ተቀበያት፣ ዕቃም እንዳትሸከም። ገንፎዋ በጨው ነው፣ ስኳር አጠገቧ እንዳይደርስ። ደረጃ ስትወጣ ከኋላዋ ሁኚ፤ እጇን ከያዝሻት ግን ትቆጣለች። አረንጓዴውን ዘይት እንደ ፍጥርጥርሽ።

አሁንም እየቀናሁ ነው የምጽፍልሽ። ሐሙስ ስለ ተመሰገንሽ ቀናሁብሽ፤ ዛሬ ደግሞ ባዳ በመሆንሽ እቀናብሻለሁ። ስትጠራ አቤት የምትለውን ልጅማ ማን ፍለጋ ይሄዳል?

አንድ ቀን ከድስትሽ ቀምሳ፣ እንደ ዋዛ፣ አይከፋም ትልሻለች። ያን ጊዜ የሄደችበት ጉዳይ አለቀ ማለት ነው። ደውዪልኝ፣ በመጀመሪያው ባቡር መጥቼ እወስዳታለሁ።

እንደማትደውዪ አውቃለሁ። በአንቺ ቦታ እኔም ብሆን አልደውልም።

እህትሽ
ኢሽቤል