አልተመረጥሽም ያልሽኝ ዕለት

ይድረስ ለእህቴ ለፈውዚያ ያሕያ፤ ካለሽበት ኩዌት።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እታለም፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ሥራው፣ ሙቀቱ፣ ብቸኝነቱ እንዴት አድርጎሻል? ለእማዬ የነገርሻት የወገብ ሕመም ተሻለሽ ወይ? አሠሪሽ ሐኪም ቤት ወሰደችሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ክኒን ውጠሽ ዝም አልሽ? አላህ ጤናሽን ይስጥሽ፤ ከሰው አገር ክፉ ይጠብቅሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባዬ ሱቁን ከፍቶ ይውላል። እማዬ የደም ግፊት መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ እኔ ስለምቆጣጠራት ደህና ናት፤ ትቆጣኛለች እንጂ ትውጣለች። ዑበይዱላህ በቁመት አባዬን አልፏል፤ ጫማ ሁሉ ይጠበዋል። ክረምቱም ጥሩ ነበር፤ የጤፉ ቡቃያ ዓይን ይሞላል ይላሉ ከገጠር ለገበያ የሚመጡት።

ስልክሽን እንደማላነሣ ታውቂያለሽ። በስልክ ብናወራ አንቺ ታለቅሻለሽ፤ እኔም ልቅሶሽን ስሰማ የምለውን ሁሉ ውጬ «ይሁን፣ ተይው» ብዬ እዘጋዋለሁ። ስለዚህ ጻፍኩት። ለእረፍት መጥታ የነበረችው የቢቸናዋ ልጅ በእጇ ትሰጥሻለች። እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ካቻምና ማመልከቻውን ስናዘጋጅ እንዴት እንደደከምን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። በጤና ዲግሪ ያለን ሠራተኞች ተወዳድረን ሕክምና መማር እንደምንችል ማስታወቂያው ሲወጣ፣ ከጤና ጣቢያችን የተነሣነው ሁለት ነርሶች፣ እኔና ሂዊ ነበርን። ከሥራ በኋላ ክትባት ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠን የረሳነውን ኬሚስትሪ እንደ አዲስ ስንቆጥር እናመሽ ነበር። ለድጋፍ ከሆስፒታል የሚመጣው ዶክተር አንተነህም ቃለ መጠይቁን ያለማምደን ነበር። «ሕዝቤን መርዳት እፈልጋለሁ አትበሉ፤ እሱን ሁሉም ይለዋል። የት ቆማችሁ ምን ስታዩ እንደፈለጋችሁት ተናገሩ» ይለን ነበር። ይህን ሁሉ በየማታው እነግርሽ ነበር።

ማመልከቻው በኢንተርኔት ብቻ ነበር፤ እዚህ ደግሞ ዳታ የሚባል ነገር አይሠራም። «እኔ እሞላልሻለሁ፤ እህትሽ ምን ትሠራልሻለች?» ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ኢሜይሉን በስሜ የከፈትሽው አንቺ፣ የይለፍ ቃሉን የያዝሽው አንቺ። የዲግሪዬንና የሥራ ልምዴን ፎቶ ለዕቃ አዲስ አበባ በሄደው በአጎታችን ልጅ በፈሐድ ስልክ ላክሁልሽ። ለምን ሐኪም መሆን እንደምፈልግ የሚገልጸውን ጽሑፍ ግን ቃል በቃል በስልክ እየነገርኩሽ አንቺ ነሽ የጻፍሽው። ከዲማ በኩል በቃሬዛ ስላመጧት አራስ ነገርኩሽ። ደሟ አልቆም ብሎ፣ መንገዱ ተዘግቶ፣ አምቡላንሱ ግቢ ውስጥ ቆሞ፣ እጄን እንደያዘች ማረፏን ነገርኩሽ። መጨረሻው ላይ «የማውቀው የሚያበቃበትን ቦታ በዓይኔ አየሁት፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን መማር እፈልጋለሁ» የሚለውን ስነግርሽ መጻፍሽን አቁመሽ አለቀስሽ። «ይህን አንብቦ የማይቀበልሽ ሰው ልብ የለውም» አልሽኝ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። የሂዊ ወንድም ከአዲስ አበባ ደውሎ ሂዊ ለቃለ መጠይቅ መጠራቷን ነገራት። እኔም ስልኬን ከእጄ ሳልለይ ዋልኩ። የደወልሽልኝ በሦስተኛው ቀን ነው። «ከሪሜ፣ አይዞሽ፤ አልተመረጥሽም» አልሽኝ። እናት ልጇን እንደምታባብል አባበልሽኝ። «ለበጎ ነው፤ አላህ ያላለው አይሆንም» አልሽኝ። እታለም፣ የአላህን ስም ጠርተሽ ነው ያልሽኝ። እኔም አመንኩሽ። ካንቺ አፍ የወጣ ነገር እንዴት ይጣራል? የሂዊን ተራ እኔ ሸፈንኩላት፤ ስማኝ ደስ ብሏት ሄደች። መጻሕፍቴን ለጤና ጣቢያው ላይብረሪ ሰጠሁ። የአራሷን ነገር ለሰዎቹ ስለነገርኩ አፈርኩ፤ ከሞቷ ልጠቀም የፈለግሁ መሰለኝ።

ሂዊ ከቃለ መጠይቁ፣ ከማርቆስ ስትመለስ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ተቆጣችኝ። «ትተሽው ከሆነ ለምን አትነግሪኝም? ከኔ ምን ትደብቂያለሽ?» አለች። ምን እንደምታወራ አልገባኝም። «ስምሽን ጠሩት እኮ! ከሪማ ያሕያ ብለው ጠሩ። የሚመልስ ሲጠፋ ጸሐፊዋ ‹እሷ በፈቃዷ ትታዋለች› አለች» ብላ ነገረችኝ። የሞላሁትን መርፌ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። በሽተኛው «እህት፣ አመመሽ እንዴ?» ብሎ ነው የቀሰቀሰኝ።

የዚያን ዕለት ስደውልልሽ አልካድሽኝም፤ እሱን አልረሳልሽም። «የመንገዱን ነገር ሰምቼ ነው፣ ከሪሜ። እዚህ ሆኜ በየቀኑ በስልክ የማየውን አንቺ አታዪውም። ለቀብርሽ እንኳ በማልደርስበት አገር ተቀምጬ መርዶሽን ከምሰማ ኩርፊያሽን ብሸከም ይሻለኛል» አልሽኝ። ፍርሃትሽ ከንቱ ነው አልልም። ለአባዬ ዕቃ ያመጣለት የነበረው ሾፌር በዚያው ሰሞን ተተኩሶበት መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ልቅሶው ላይ እኔም ነበርኩ። «አትሂጂ» ብትዪኝ፣ ብትለምኚኝ፣ ብትጮኺብኝ እሰማሽ ነበር። ምናልባትም እቀር ነበር። አንቺ ግን አልጠየቅሽኝም። በስሜ ጽፈሽ ቦታዬን መለስሽና ሞኝ ነሽ፣ አልበቃሽም ብለሽ አስተኛሽኝ።

በማግስቱ አባዬ ሱቁን ዘግቶ አብሮኝ ማርቆስ ሄደ። ያንን የፈራሽልኝን መንገድ ማለቴ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ፊት ለፊታችን የተቀመጠችው ሴት እንቁላል በጭድ ሞልታ ይዛ ነበር፤ አንድም ሳይሰበርባት ወረደች። መዝገብ ቤት ያገኘናት ሴትዮ ደግ ነበረች። «ልጄ፣ ራስሽ ነሽ እኮ የጻፍሽልን። ቦታው ለተጠባባቂ ተሰጥቷል፤ በሚቀጥለው ዙር እንደገና አመልክቺ» አለችኝ። አባዬ ቆቡን አወለቀ፤ «ልጄ አልጻፈችም» ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ታዲያ ማን ጻፈው ሊል ነው? አንዷን ልጁን ለማዳን ሌላዋን ሊከስ ነው? አባዬን እንደዚያ ጨንቆት አይቼው አላውቅም።

ቤት ስንገባ ሊያስታርቀን ሞከረ። «ከማዶ ላለ ሰው ቁጥቋጦው ሁሉ ጅብ ይመስለዋል፤ እህትሽ ናት፣ ማሪያት» አለኝ። «ጅብ ከመሰላት ትጮህልኝ እንጂ በር ትዘጋብኛለች?» አልኩት። እማዬ ጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። ቀስ ብላ «እኔም ብሆን እንደሷ ሳላደርግ አልቀርም» አለች። ያን ቀን ከቤታችን ሁለት ሰው ያጣሁ መሰለኝ።

አምና ማመልከቻውን ብቻዬን አዘጋጀሁት። ማርቆስ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ ኢሜይሉን ራሴ ከፈትኩ። ፈተናውንም አንድ በአንድ ከልሼ ተቀመጥኩ። ስለ አራሷ ግን መጻፍ አቃተኝ። የመጀመሪያውን ቃል ስጀምር ያንቺ ልቅሶ ይመጣብኛል። ስለዚህ ስኳር በሽታ እንዳለበት ሳያውቅ እግሩን ስላጣ አንድ የገበያ ተሸካሚ ጻፍኩ። እሱም እውነት ነው፤ የልቤ ግን የመጀመሪያዋ ነበረች።

ቃለ መጠይቁ ላይ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሁለቱ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ፤ በደንብ መለስኩ። ሽማግሌው ወረቀቱን ሲያገላብጥ ቆይቶ «አምና ጠርተንሽ በፈቃድሽ ትተሻል። ዘንድሮስ የሌላ ሰው ቦታ ይዘሽ ብትተዪውስ?» አለኝ። ዶክተር አንተነህ ያላለማመደኝ ጥያቄ ይህ ብቻ ነበር። እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ እህቴ ናት የጻፈችው ብል አልዋሽም። ግን በማያውቁሽ ሰዎች ፊት ስምሽን ማንሣት አልሆንልኝ አለ። «መንገዱን ፈርቼ ነበር» አልኳቸው። ሽማግሌው አንገቱን ነቅንቆ አንድ ነገር ጻፈ። ወደ ሥራዬ ስሄድ ስመጣ፣ ተኩስ እየተሰማ ሳዋልድ ያልፈራሁት ሴት፣ ፈሪ ነኝ ብዬ ስለ ራሴ መሰከርኩ። እንደወጣሁ የውጭው አጥር ላይ ተደግፌ አለቀስኩ። ለአንቺ ብዬ በማድረጌ ልቤ ይቀልለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም። ሁለተኛ የቀማሽኝ መሰለኝ።

እንግዲህ ልንገርሽ፤ ተቀብለውኛል። ትምህርቱ በጥቅምት ይጀምራል። ስሜ ተለጥፎ ያየችው ሂዊ ናት፤ እሷ አሁን ሁለተኛ ዓመት ገብታለች፣ እኔን ከኋላዋ ትጠብቀኛለች። ቁይ ውስጥ ያልሰማ የለም፤ ጨው ነጋዴው ሳይቀር «ዶክተሯ» እያለ ይጠራኛል። ከሁሉ መጨረሻ የምትሰሚው አንቺ ነሽ። እንዳይነግሩሽ ቤተሰቡን ሁሉ በአላህ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። የራስሽ ሰው ነገር ሲደበቅብሽ ምን እንደሚመስል እንድታውቂው ፈልጌ ነበር። አሁን ስጽፈው ግን እንዳሰብኩት ደስ አላለኝም።

አባዬ ሰላም በዪልኝ ብሏል፤ በስምሽ ዱዓ ሳያደርግ የሚውልበት ቀን የለም። እማዬ ቅቤና በርበሬ ልካልሻለች፤ ከዚህች ልጅ ተቀበዪ። ዑበይዱላህ ሰላም ይልሻል፤ ጫማ አትርሺ ብሏል። ፈሐድም እንዲሁ ሰላም ብሎሻል። ጁምዓ ጁምዓ አብረሻት ለምትውዪው ለትዕግስት ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ስትታመሚ ያስታመመችሽን ውለታዋን አንረሳም በያት።

ከእኔ ዘንድ ያለውን ደግሞ ሳልሸሽግ ልጻፍልሽ። እታለም ብዬ መጥራቱን አልተውኩም፤ ማመኑን ነው የተውኩት። ተመልሶ ይመጣ እንደሆነ አላውቅም፤ ይመጣል ብዬ አልሸነግልሽም። ዱዓሽን ግን አትንፈጊኝ። ስታደርጊልኝም ከመንገድ እንድቀር አይሁን፤ እንድደርስ አድርጊልኝ።

እህትሽ ከሪማ ያሕያ

ቁይ፣ ምሥራቅ ጎጃም
መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም.