ከፋይሉ ላይ ስለጸዳው የልጄ ስም

ለተከበሩ አቶ ገሰሰ
የኮምፒውተር መገጣጠሚያ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
ኦሎምፒያ

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም በመልካም ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ያደረግሁት፣ እርስዎም ስለ ልጄ ስለ ፊዮሪ ለደንበኞችዎ ሁሉ ስለጻፉ፣ ብድር መመለስ ደግ ነው ብዬ ነው።

1. በቅድሚያ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ስላልረሷት አመሰግናለሁ። ሐኪሙ እንድታርፍ ያዘዛትን ልጅ በስልክ የፈለጓት፣ ኮምፒውተር ውስጥ የሚሰኩትን ካርዶች ለማሽኑ የሚያስተዋውቀውን ፋይል እንድትጨርስልዎ ነበር። እኔ ብዙ ስላልተማርኩ ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። ማሽኑ ካርዱን የሚያውቀው በቁጥር ብቻ ስለሆነ ስሙንና ሠሪውን የሚነግረው ይህ ፋይል ነው አለችኝ። የሠሪው ስም ግራ ዳር ላይ ይጻፋል፣ ካርዶቹ ከሥሩ ገባ ብለው ይሰለፋሉ፤ እማዬ፣ ልክ እንደ እናትና ልጅ ነው ብላ ሳቀች፣ ሳቋም ሳል ሆነባት። ጨርሳ ላከችልዎ። በሳምንቱ ቀበርናት።

2. ድንኳናችን ድረስ መጥተው፣ እንባዎን በመሐረብ እየጠረጉ፣ የፊዮሪ ስም ከመሥሪያ ቤታችን አይጠፋም ስላሉኝም አመሰግናለሁ። በለቅሶ ቤት፣ በሰው ፊት የተነገረ ቃል ይከበራል ብዬ ነበር።

3. የሥራ ባልደረባዋ ሊና እያለቀሰች እንደነገረችኝ፣ ልጄ ከፋይሉ አናት ላይ አንድ መስመር ጽፋ ነበር። ከፊቱ ምልክት ስላለበት ማሽኑ ዘሎት ያልፋል፤ ለሰው የተጻፈ ነው። ያዘጋጀችው ፊዮሪ ናት፣ ግራ የገባው ይጠይቀኝ ይላል። ማንንም አያውክም ነበር። እርስዎ ግን ፋይሉ ይጽዳ ብለው እሱን አጠፉና የራስዎን ስም አስቀመጡ። ጽዳቱ ስለጣመዎትም ገባ ብለው የተጻፉትን መስመሮች በሙሉ ወደ ግራ አስጠጓቸው፤ ለዓይን ያምራል አሉ። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ልጅን ከእናት መለየት ስላቃተው ካርዶቹን ሁሉ «ያልታወቀ» ይላቸው ጀመር።

ደንበኞች ሲጮሁ፣ ስሕተቱ የቀድሞ ሠራተኛችን የወይዘሪት ፊዮሪ ነው ብለው ጻፉላቸው። ደብዳቤዎን ቦሌ መድኃኔዓለም ሱቅ ያለው ደንበኛዎ፣ የወንድሜ ልጅ እዝራ፣ ደርሶት አመጣልኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እነሆ ስሟን መለሱላት! ሲሠራ የእርስዎ፣ ሲበላሽ የእሷ። የሞተ ሰው መልስ እንደማይጽፍ ማሰብዎ አስተዋይነትዎን ያሳያል፤ እናት እንዳላት ብቻ ዘነጉ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ፋይሉን ማን እንዳበላሸው ለእነዚያው ደንበኞች በዚያው ማኅተም ይጻፉላቸው። ያቺን አንድ መስመርም ወደ ቦታዋ ይመልሷት። ማሽኑ እንደሆነ አያነባትም፤ እኔ ግን እዚያ መኖሯን አውቃለሁ።

ከእግርዎ ሥር ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣ ስላደረጉልን ሁሉ ዕድሜዎ እንዲረዝምና እንዲያስታውሱት የምመኝልዎ፣

የፊዮሪ እናት
ለተብርሃን ተስፋልደት
ከሳሊተ ምሕረት

ማስታወሻ፦ ልጄ ግራ የገባው ይጠይቀኝ ብላ ስለነበር፣ ካርዶቹ አሁንም አልታወቅ ካሉዎት የሳሊተ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ብቅ ይበሉ። አድራሻዋ አይጠፋብዎትም፣ ስሟ ድንጋይ ላይ ተቀርጿል። ምናልባት ማጽዳት ካሰኘዎ ግን መዶሻ ይዘው ይምጡ።