አባባ ከረባት ያሰሩ ዕለት

ይድረስ ሩቅ ላለኸው ወንድሜ፤ ናፍቆትህን ካልቆጠርነው አባባም እኔም አለን።

ማክሰኞ ከማዘጋጃ ቤት አንዲት ሴት፣ አባባን ቤት እየመጣ የሚያጥብ ረዳት ይመደብላቸው እንደሆነ ልታጣራ መጣች። አባባ ሆዬ ሱፍ ለብሰው፣ ከረባት አስረው ጠበቋት።

«ገላዬን ራሴ ነው የምታጠበው፣ ልጄ» አሏት።

ከረባቱን እንኳ ያሰርኩላቸው እኔ ነኝ! ኩራት ራታቸው አይደል፤ «ረዳት አያስፈልጋቸውም» ብላ ጽፋ ሄደች።

እኔም የተመረመርኩበት ሐኪም ቤት «ውጤትሽ ደርሷል፤ ሐሙስ ሰው ይዘሽ ነይ» ብሎኛል። ማንን ልያዝ? አባባን ከረባታቸውን አስሬ እወስዳቸዋለሁ።

የረዳቱ ጉዳይ እንደገና እንዲታይልን አመልክቻለሁ። ቅጹ «ተንከባካቢዋ ባትኖር ማን ይተካታል?» ይላል። ሳልጠይቅህ ያንተን ስም ጻፍኩ።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን ንገርልኝ። ሐሙስ ስልክህን አትዝጋ።

እህትህ